የ2ኤፍ ላንድክሩዘር ማኒፎልድ ተሰነጠቀ፤ ሄደር ልግጠም ወይስ ላስበይደው?

ደንገጎ_ፒካፕ (ድሬዳዋ)
ሰላም ጀማው። ያለኝ የ1978 (እ.ኤ.አ.) ላንድክሩዘር ፒካፕ ነው፤ ኤፍ ጄ 45፣ ባለ 2ኤፍ ቤንዚን ሞተር። አባቴ ትቶልኝ ያለፈ መኪና ነው፣ መንዳትም የተማርኩት በሱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት ጭኜ ወደ ድሬ እወርዳለሁ። ስመለስ አንዳንዴ ሲሚንቶ፣ አንዳንዴ ባዶዬን የደንገጎን ዳገት እወጣለሁ።

ከክረምቱ ወዲህ ጠዋት ሳስነሳው ከኮፈኑ ስር ጠክ ጠክ የሚል ድምፅ አለ። ቫልቭ መስሎኝ ቫልቭ አስተካከልን፤ ድምፁ ግን እዚያው ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ዳገት ላይ ስረግጠው ተመልሶ ይመጣል። ባለፈው እሁድ በባትሪ መብራት እያየን ፈለግነው። የጭስ ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ብረት) መሃል ላይ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሲሊንደር መካከል ተሰንጥቋል። ጥፍር ይገባል። አምና እዚያው ቦታ ላይ አንድ ጋራዥ በይደውልኝ ነበር፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ከብየዳው ጎን ሌላ ስንጥቅ አወጣ።

አሁን የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ዕቃ ሲያስመጣ አዲስ ሄደር፣ ማለትም በማኒፎልዱ ቦታ የሚገባ የቱቦ ጭስ መውጫ፣ አብሮ አምጥቶልኛል። ስድስት ቱቦ ነው፤ ሦስት ሦስቱ ተገናኝተው ሁለት ይሆናሉ፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ። ጥያቄዬ፦ ልግጠመው? የድሬን ሙቀት ይችለዋል? ደንገጎ ላይ ጉልበት ይጨምርልኛል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው? የገጠመ ሰው ካለ እባካችሁ አስተምሩኝ።

ነምበር_ዋን_90 (ድሬዳዋ)
አቦ ምን ትጠይቃለህ፣ ግጠመው! ማርሚታውንም (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) አውልቀህ ቀጥታ ቱቦ አድርገው። ከደንገጎ ሲወርድ ድምፁ ሳቢያን ድረስ ይሰማል። ጉልበቱን ያኔ ታየዋለህ።

የጀጎል_መካኒክ (ሐረር)
ልጄ ሰላም። ከመኪና ጋር ከ30 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። የሐረርን 404 ፔጆ ታክሲዎች ስጠግን ነው ያረጀሁት፣ 2ኤፍም ብዙ ፈትቻለሁ። ስለዚህ ጠንከር አድርጌ ብናገር አትቀየመኝ።

ከብየዳው ልጀምር። ማኒፎልዱ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ብረት) ነው፤ ጊዛ እንደ ላሜራ አይበየድም። ቀዝቃዛውን ጊዛ ባገኙት ኤሌክትሮድ ሲለኩሱት ብየዳው ይይዛል፣ ከጎኑ ያለው ብረት ግን በድንገት ሞቆ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ያንተም ከብየዳው ጎን የተሰነጠቀው ለዚህ ነው። ደህና በያጅ መጀመሪያ ሙሉውን ዕቃ በእሳት ያሞቀዋል፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ አጭር አጭር እያደረገ ይበይደዋል፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ቀብሮ እስከ ማግስቱ ድረስ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል። እንደዚያ ቢሠራም ሁለት ጊዜ ከተሰነጠቀ ማኒፎልድ ብዙ አትጠብቅ።

አሁን ስለ ሄደሩ። በፋብሪካው ማኒፎልድ ውስጥ የስድስቱ ሲሊንደር ጭስ አንድ አጭር ቤት ውስጥ ይጋፋል። አንዱ ሲተነፍስ የጎረቤቱን መውጫ ይዘጋበታል። ሄደር ለእያንዳንዱ የራሱን ቱቦ ይሰጠዋል። የሞተርህ የእሳት ተራ 1-5-3-6-2-4 ነው። ልብ ብለህ ተመልከት፦ አንዴ ከፊት ካሉት ሦስቱ፣ አንዴ ከኋላ ካሉት ሦስቱ፣ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ስለዚህ 1፣2፣3 በአንድ፣ 4፣5፣6 በሌላ ከተሰበሰቡ በአንዱ ቱቦ ውስጥ ያሉት ጭሶች እኩል ርቀት ጠብቀው ይወጣሉ፣ አይጋጩም። እንዲያውም ቀድሞ የወጣው ጭስ ሲሮጥ ከኋላው ያለውን ይስበዋል። ያንተ ሄደር እንደገለጽከው ከሆነ አሠራሩ ትክክል ነው።

ጉልበትን በተመለከተ ግን አልዋሽህም። 2ኤፍ 4.2 ሊትር ሆኖ በዝቅተኛ ዙር የሚጎትት የጭነት ሞተር ነው፣ ለሩጫ አልተሠራም። ሄደሩ ትንሽ ይሰጥሃል፣ ያንንም ሌላው ነገር ሁሉ ከተስተካከለ ነው። ደግሞ አስብ፦ ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስተህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር ገደማ ነህ። አየሩ ሲሳሳ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። ደንገጎ ላይ የሚይዝህ ማኒፎልዱ ብቻ አይደለም።

ነምበር ዋን፣ አንተንም እንደ ልጄ ነው የምመክርህ። ማርሚታ አውልቆ ቀጥታ ቱቦ ማድረግ ለጭነት መኪና አይሆንም። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ፍጥነቱን ያጣና በዝቅተኛ ዙር የነበረህን ጉልበት ትከስራለህ። ለ2ኤፍ ከሁለት ኢንች ተኩል የሚበልጥ ቱቦ አልመክርም። በሌሊት በሰው መንደር እያጓሩ ማለፍም ነውር ነው።

ነምበር_ዋን_90
እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። ስለ ዙሩ የነገሩኝን አላውቅም ነበር።

ቶርኖ_ከዚራ (ድሬዳዋ)
ጋሼ ያሉት ላይ እኔ የምጨምረው ማንም የማይናገረውን ክፍል ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚያ ነው።

በ2ኤፍ ላይ የአየር መግቢያውና የጭስ መውጫው ማኒፎልድ በአንድ ጎን ናቸው። ሁለቱ አንድ ጓርኒሲዮን (ጭስና አየር እንዳያፈስ መሃል የሚገባ ማሸጊያ) ይጋራሉ። የሚይዟቸው ቡሎኖችም የጋራ ናቸው፤ አንድ ወፍራም ዋሸር ግማሹ በመግቢያው ፍላንጅ (ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው ጠፍጣፋ ጠርዝ) ላይ፣ ግማሹ በመውጫው ፍላንጅ ላይ ያርፋል። የፋብሪካው ሁለት ማኒፎልድ ውፍረቱ እኩል ስለሆነ ዋሸሩ ሁለቱንም እኩል ይጫናል። የመጣልህ ሄደር ፍላንጁ ከመግቢያው በአንድ ሚሊሜትር እንኳ ቢቀጥን ዋሸሩ በወፍራሙ ላይ ብቻ ይቆማል፣ ሄደሩ ላላ ብሎ ይቀራል። ጭስ ያፈስሳል። ሄደሩ የሚወፍር ከሆነ ደግሞ መግቢያው ይላላና አየር ይስባል። ያኔ ሚኒሞ (ቤንዚን ሳትረግጥ የሚዞርበት ዙር) አይረጋልህም፣ ካርቡሬተር ነው እያልክ ካርቡሬተር ስትፈታ ትከርማለህ።

ስለዚህ ከመግጠምህ በፊት ሁለቱን ፍላንጆች በካሊፐር ለካ። ልዩነት ካለ ቀጭኑን በብየዳ ማወፈር አይደለም፤ ወፍራሙን በፍሬሳ (ብረት መላጫ ማሽን) ማስላጥ ወይም ዋሸሩን በአንድ ጎኑ ደረጃ እንዲኖረው አድርጎ ማስቀረጽ ነው። ከዚያ ፍላንጁን ቀጥ ያለ ብረት ላይ አስተኝተህ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ እይ። አዲስ ሄደር ሲበየድ ስለሚጎብጥ አዲስ ነው ብለህ አትመነው።

እኔ ሥራውን ከአባቴ ነው የለመድኩት። አባቴ ድሬ ምድር ባቡር ዎርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ ላይ ነበር፤ "መለካት የሰለቸው ሁለቴ ይሠራል" ይለኝ ነበር። አምጣው፣ ከዚራ ነኝ፣ አብረን እንለካለን።

አወዳይ_2ኤች (አወዳይ)
እኔም ላንድክሩዘር ነው ያለኝ፣ ግን 2ኤች ናፍጣ። ሄደር ቢገጠምለት ይጠቅማል?

የጀጎል_መካኒክ
ወንድሜ፣ ለ2ኤች ገንዘብህን አታውጣ። ነዳጁን የሚወስነው ፓምፑ ነው። ጭሱ በነፃ እንዲወጣ ማርሚታው እንዳይዘጋና ቱቦው እንዳይጨፈለቅ ጠብቅ። የተረፈህን ብር ለኢንጀክተር ማስፈተሻ አውለው።

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)
ደንገጎ_ፒካፕ ወንድሜ፣ ስለ መኪና ብዙ አላውቅም፤ ግን ስንጥቁን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የኛም መኪና እንደዚያ ጠክ ጠክ ይል ነበር። ባለቤቴ "እስከሚሠራ ይሥራ" ብሎ ቆየ። አንድ ቀን ከሐረር ስንመለስ ዝናብ ስለነበር መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ነበር። የአራት ዓመት ልጄ እቅፌ ውስጥ ተኝታ ነበር። ደንገጎን ወርደን ድሬ ስንገባ ልቀሰቅሳት ብል አልነቃ አለችኝ። ፊቷ ቀልቷል፣ እኔም ራሴን ይነድለኝ ነበር። ወደ ሐኪም ቤት ሮጥን። ኦክስጅን ሰጧት፣ ተመስገን ዳነች። ሐኪሙ የመኪና ጭስ ነው አለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ ሰውየው ደከመኝ ብሎ ያስባል እንጂ እየተመረዘ መሆኑን አያውቅም።

አንተም ሄደር ግጠም ማኒፎልድ፣ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። ግን እስኪሠራ ድረስ መስኮት ዘግተህ አትንዳ፣ ሰውም አታሳፍር። እህትህ ሆኜ ነው የምለምንህ።

ደንገጎ_ፒካፕ
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ። እናቴ ባለፈው ወር ከእኔ ጋር ስትወጣ ራሷን አሟት ነበር፤ ደም ግፊቷ ነው ብለን አለፍነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ መኪናውን አቁሜዋለሁ። ለጊዜው ጭነቱን ጓደኛዬ በሱ መኪና ይወስድልኛል።

ደንገጎ_ፒካፕ (ከአራት ቀን በኋላ)
ጀማው፣ መፍታት ጀመርን፤ አንድ ቡሎን ተሰበረ። ከኋላ በኩል የመጨረሻው ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ቀርቷል። ትንሽ ጫፍ ብቻ ወጥቶ ይታያል። መሰርሰሪያ ይዤ ቆሜያለሁ። ምን ላድርግ?

ቶርኖ_ከዚራ
መሰርሰሪያውን አስቀምጥ! ቴስታታህም ጊዛ ነው፤ የተሰበረው ቡሎን ከሱ ይጠነክራል። መሰርሰሪያው ተንሸራትቶ ወደ ለስላሳው ሄዶ ጥርሱን ይበላዋል። ሌሎቹን ቡሎኖች አሁን አትንካ። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆን ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅለህ በየቡሎኑ ስር አንጠባጥብ፣ ሌሊቱን ይደር፣ ጠዋት ድገመው። ነገ ከሰዓት እመጣለሁ፣ ብየዳ ማሽን ብቻ አዘጋጅ።

ደንገጎ_ፒካፕ (በማግስቱ ማታ)
ወጣ! ቶርኖ ከዚራ መጥቶ ያደረገውን ለሌላ ሰውም ስለሚጠቅም ልጻፈው። በቀረችው ጫፍ ላይ ከሷ ሰፋ ያለ ዳዶ አስቀመጠ። በዳዶው ቀዳዳ በኩል ጫፏንና ዳዶውን አብሮ በየደ። ቀይ ሆኖ ሳለ አልነካውም፣ ቀይነቱ እስኪጠፋ ጠበቀ፤ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ትንሽ ወደ መፍቻው እያለ አወዛወዘው። የመጀመሪያው ዳዶ ተገነጠለ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ክርር ብሎ ዞረ። ሌሎቹ ዘይቱን ጠጥተው ስላደሩ ያለ ችግር ተፈቱ። ሁሉንም ቡሎን አዲስ አደርጋለሁ።

ፍላንጁንም ለካን። የሄደሩ ከመግቢያው በአንድ ሚሊሜትር ተኩል ይቀጥናል፤ መሃሉም ጎብጦ ከስሩ ብርሃን ያሳልፋል። ሳልለካው ብገጥመው ኖሮ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ጓርኒሲዮኑን ይበላው ነበር። ፊቱን በፍሬሳ አስላጥነው፣ ሲላጥ ይበልጥ ስለቀጠነ ዋሸሮቹን በደረጃ አስቀረጽናቸው።

ሐረማያ_ጠዋት (ሐረማያ)
አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ሄደር ገጥሜ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ስረግጠው ይሞትብኛል። አሥር ደቂቃ ካልሞቀ አይሄድም። የገጠመልኝ ሰው "ይለምዳል" አለኝ። ድሬ ስወርድ ምንም ችግር የለበትም።

የጀጎል_መካኒክ
አይለምድም። ምክንያቱ ይኼ ነው፦ የፋብሪካው የጭስ ማኒፎልድ ከመግቢያው ስር ሆኖ ያሞቀዋል፤ ጠዋት ጭሱን ወደዚያ የሚመራ በር አለው። ቤንዚኑ የሚተነው በዚያ ሙቀት ነው። ሄደር ስትገጥም ያ ሙቀት ይቀራል፤ በሐረማያ ብርድ ቤንዚኑ ሳይተን በግድግዳው ላይ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ሲሊንደሩ የሚደርሰው አየር ብቻ ይሆናል። የድሬው ሰው ይህን አያውቀውም፤ ድሬ አየሩ ራሱ ያሞቃል። ለአንተ መፍትሔው ከመግቢያው ስር ከሞተሩ የሚመጣ ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ሳህን ማሠራት ነው። እስከዚያው ጠዋት ቾኩን ቶሎ አትመልስ፣ ታግሰህ አሙቀው።

ለደንገጎ ፒካፕ ደግሞ የተገላቢጦሹ ያሰጋኛል። የሄደር ቱቦ ከጊዛው ይልቅ ስስ ነው፤ ሙቀቱን ወደ ኮፈኑ ውስጥ ይተፋዋል። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ሙቀት ጭነት አራግፈህ ሞተር አጥፍተህ ሩብ ሰዓት ብትቆይ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል፣ ስትመለስ አይነሳልህም። በሄደሩና በካርቡሬተሩ መካከል የሙቀት መከላከያ ላሜራ አስገባ፤ ላሜራው ሄደሩን አይንካው፣ አየር ይለፍ። የቤንዚን መስመሩንም ከቱቦዎቹ አርቀው።

ነምበር_ዋን_90
ጋሼ፣ ሄደሩን በጨርቅ የሚጠቀልሉ አሉ፤ ያ አይሻልም?

የጀጎል_መካኒክ
ጥሩ ጥያቄ ነው። ጨርቁ ሙቀቱን ይይዛል፣ ግን እርጥበትም ይይዛል። የብረቱም ሙቀት ከልክ በላይ ይጨምራል። ተራ ብረት ከሆነ እየተላጠ ያልቃል፣ አንተም ጨርቁ ስለሸፈነው አታየውም። ላሜራው ይሻላል።

ደንገጎ_ፒካፕ (ከአሥር ቀን በኋላ)
ገጠምነው። ሪፖርት ላቅርብ።

ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በሦስት ዙር ነው ያጠበቅነው። አስነስተን ሙሉ በሙሉ ከሞቀ በኋላ አጥፍተን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን እንደገና አጠበቅን፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ዞሩ። ጠክ ጠኩ የለም። ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ዝምታውን ሰማሁት፤ አባቴ ያለበት ዘመን ድምፅ ነው።

ግን ሚኒሞው ከፍና ዝቅ ይል ነበር። አየር እየሳበ ነው ብለን ሳሙና ውሃ ረጨን፣ ምንም። ካንዴላዎቹን አውጥተን አየናቸው፤ ስድስቱም ነጭ ናቸው። ጋሼ በስልክ ሲያዩት "ቤንዚን አንሶታል፣ ጭሱ በነፃ ሲወጣ አየሩም በነፃ ይገባል" አሉኝ። የካርቡሬተሩን ጀት (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር አሳደግን። አሁን ካንዴላው ደብዘዝ ያለ ቡና ቀለም ነው፣ ሚኒሞውም ረግቷል።

ትናንት በሲሚንቶ ጭነት ደንገጎን ወጣሁ። ድሮ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እየጮኸ ይወጣባቸው ከነበሩት ኩርባዎች ሁለቱን በሦስተኛ አለፍኩ፤ የቀሩትን እንደ ድሮው በሁለተኛ። ይህን ያህል ነው። ግማሹ የሄደሩ ነው፣ ግማሹ ስንጥቁ ስለተዘጋና ካርቡሬተሩ ስለተስተካከለ ይመስለኛል። ማርሚታውም በቦታው ነው፤ ቦሎ ስናወጣም የሚያስቸግረኝ አይመስለኝም።

ድሬ እኩለ ቀን ላይ አጥፍቼ ሃያ ደቂቃ ቆየሁ። በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። ላሜራው አለ፣ ግን የቤንዚን መስመሩ አሁንም ለሁለተኛው ቱቦ ይቀርባል። ቅዳሜ አዞረዋለሁ።

ቶርኖ_ከዚራ
እንኳን ደስ አለህ። አሮጌውን ማኒፎልድ ግን እንዳትጥለው። ጊዛውን አሞቆ መበየድ የሚማር ልጅ እኔ ጋ አለ፣ መለማመጃ ይሆነዋል።

ደንገጎ_ፒካፕ
ያንተ ነው፣ ነገ አመጣልሃለሁ። ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ታኅሣሥ 19 እናቴን ቁልቢ ገብርኤል ላደርሳት ተስያለሁ። ከዚያ በፊት ሌላ የማየው ነገር አለ?

የጀጎል_መካኒክ
500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንደገና አጥብቀው። መጀመሪያ ዳርና ዳር ያሉትን ሁለቱን እይ፤ ረጅሙ ፍላንጅ በሙቀት ሲለጠጥ ቀድመው የሚላሉት እነሱ ናቸው። በዋዜማው ማታ ጨለማ ውስጥ አስነስተህ በፍላንጁ ዙሪያ እጅህን ሳታስነካ አስጠጋ፤ ብርድ ሞተር ላይ የሚነፋ ካለ ይሰማሃል። እናትህን ሰላም በልልኝ። የእሷንም መስኮት ትንሽ ክፈትላት።

የሳቢያኗ
እኛም እንሄዳለን። ልጄ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። መንገድ ላይ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ እጇን ብታወዛውዝልህ እሷ ናት።